ዋግና አረማሞ፦ ዕፅዋት እንዴት ይታመማሉ፣ እንዴትስ ይከላከላሉ?

ተክል ታመመ የሚባለው በውስጡ የገባ ባዕድ ነገር የዕለት ሥራውን ሲያውክበት ነው። ጤነኛ ተክል ውሃ ከሥሩ ስቦ ወደ ቅጠሉ ያደርሳል፤ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ያዘጋጃል፤ ያዘጋጀውን ወደ ግንዱ፣ ወደ ሥሩና ወደ ፍሬው ይልካል። ከእነዚህ አንዱ ሲቋረጥ ቅጠል ይገረጣል፣ ግንድ ይጠወልጋል፣ ዛላ ፍሬ ሳይቋጥር ይቀራል። አዋኪዎቹ በአብዛኛው ፈንገሶች ናቸው። ከእነሱ ሌላ ባክቴሪያዎች፣ ቫይረሶች፣ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ትሎች፣ እንዲሁም ፈንገስ እየመሰሉ በዝምድና ግን ወደ ውሃ አልጌ የሚቀርቡ ፍጥረታት አሉ።

ይሁንና ሕመም በዕፅዋት ዘንድ የዘወትር ነገር አይደለም። በነሐሴ ወር ከእንጦጦ ማዶ፣ በሱሉልታ ሜዳ በበቀለ አንድ የገብስ ቅጠል ላይ ነፋስ የሚያሳርፈው የፈንገስ ብናኝ ስፍር ቁጥር የለውም። ከሞላ ጎደል ሁሉም እዚያው ደርቆ ወይም በዝናብ ታጥቦ ይቀራል። ድንችን የሚያጠፋው ገብስን አይነካም፤ የስንዴው ጠላት ባቄላን አያውቅም። ተክል ከቆመበት መሸሽ አይችልም፤ እንደ ሰው በደም ውስጥ እየዞሩ ጠላት የሚያሳድዱ ሕዋሳትም የሉትም። እያንዳንዱ ሕዋስ ለራሱ ዘበኛ ነው። ይህ ዘበኛ እንዴት እንደሚሠራና መቼ እንደሚታለል ማወቅ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ ለሚያርሰው ገበሬም፣ የዚያን ገበሬ እህል ለሚበላው የአዲስ አበባ ሰውም የእንጀራ ጉዳይ ነው።

አማርኛ ለእህል በሽታ የቆዩ ስሞች አሉት። ዋግና አረማሞ በመጽሐፍ ቅዱስ የአማርኛ ትርጉም ውስጥ እንኳ ጎን ለጎን ይገኛሉ። አረማሞ ዛላውን ወደ ጥቁር ዱቄት የሚለውጠው ነው። ዋግ ግን ሰፊ ቃል ነው፤ የግብርና ባለሙያዎች ግንድ ዋግ፣ ቅጠል ዋግና ቢጫ ዋግ እያሉ ዝገት መሳዩን በሽታ ብቻ ሲጠሩበት፣ በገበሬው አነጋገር አዝመራን ድንገት ያመነመነ ነገር ሁሉ ዋግ ሊባል ይችላል። ይህ ስሕተት ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ብርድ፣ ጤዛና በሽታ በደጋ አብረው ስለሚመጡ ዓይን አንዱን ከሌላው ለመለየት ይቸገራል። የጥንት ሮማውያንም የስንዴን ዋግ የሚያመጣ ሮቢጉስ የሚሉት አምላክ ነበራቸው፤ በየዓመቱ በሚያዝያ ወር መሥዋዕት ያቀርቡለት ነበር። በሽታውን የሚያመጣው ሕያው ተህዋሲ መሆኑ በማያሻማ መንገድ የታወቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የድንችን በሽታና የስንዴን ዋግ መርምሮ፣ ተህዋሲው የታመመ ተክል የሚያፈልቀው ቆሻሻ ሳይሆን ራሱ የሕመሙ ምክንያት መሆኑን አሳየ።

በሽታ እንዲነሣ ሊጠቃ የሚችል ተክል፣ ሊያጠቃ የሚችል ተህዋሲና ለተህዋሲው የሚመች አየር በአንድ ጊዜ መገናኘት አለባቸው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ምንም አይሆንም። በመዲናዋ ዙሪያ ሦስተኛው አይጠፋም። ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ያሉ የደጋ አካባቢዎች ናቸው፤ በክረምት የእህሉ ቅጠል ከማታ ጤዛ እስከ ረፋድ ርጥብ ሆኖ ይቆያል። ለዋግ ፈንገስ ደግሞ ለመብቀል የሚያስፈልገው ይኸው ነው፦ ጥቂት ሰዓታት ሳይደርቅ የሚቆይ ቅጠል። ድንችን የሚያጠቁረው ተህዋሲ ከዚህም ይብሳል። አየሩ ሲቀዘቅዝ አንዱ የብናኝ ከረጢቱ ተሰንጥቆ ከውስጡ ብዙ ዋናተኛ ብናኞች ይወጣሉ፤ እነሱም በቅጠሉ ላይ ባለው ስስ ውሃ ውስጥ ጭራቸውን እያወዛወዙ ይዋኛሉ። ደመናው ሳይገለጥ ሁለት ሳምንት የሰነበተ እንደሆነ ለምለም የነበረ የድንች ማሳ ጠቁሮ መሽተት ይጀምራል። በ1845 አየርላንድ የገባውና ሚሊዮን ያህል ሰው የጨረሰው ረኃብ መነሻ ይህ ተህዋሲ ነበር። ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ፣ በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እጅ ነው። ጠላቱም በኋላ ተከትሎት መጣ።

ተህዋሲው ቅጠል ላይ ካረፈ በኋላ የመጀመሪያው ጭንቀቱ መግቢያ ማግኘት ነው። የተክል ቆዳ በሰም የተለበጠ ነው፤ ከሰሙ ሥር የእያንዳንዱ ሕዋስ ጠንካራ ግድግዳ አለ። የዋግ ፈንገስ ግድግዳውን አይገፋም። ከብናኙ የሚወጣው ቀጭን ክር የቅጠሉን ገጽ እየዳሰሰ፣ ሸንተረሩን ተከትሎ የቅጠሉን መተንፈሻ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ሲያገኘውም እላዩ ላይ አብጦ ይቀመጥና ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ዓይን የሌለው ፍጥረት በመዳሰስ ብቻ በር ማግኘቱ የሚያስደንቅ ነው። በር የማያስፈልጋቸውም አሉ። ሩዝን የሚያጠቃ አንድ ፈንገስ ቅጠሉ ላይ ጉልላት መሰል ሕዋስ ሠርቶ በውስጡ ግፊት ያጠራቅማል፤ ግፊቱ በመኪና ጎማ ውስጥ ካለው 40 እጥፍ ያህል እስኪደርስ ድረስ ያድግና ቅጠሉን እንደ ወስፌ ይበሳዋል። ባክቴሪያዎች እንዲህ ያለ ጉልበት የላቸውም፤ ቁስል ወይም የተከፈተ ቀዳዳ ይጠብቃሉ። ቫይረስ ደግሞ ከነአካቴው መንቀሳቀስ ስለማይችል አጓጓዥ ይሻል። ገብስን የሚያቀጭጨውና ቅጠሉን ቢጫ የሚያደርገው ቫይረስ ከተክል ወደ ተክል የሚሄደው በክሽክሽ አፍ ነው። ክሽክሿ ከታመመው ስትመጥ ትወስደዋለች፤ ጤነኛው ላይ ስትቀመጥ ከምራቋ ጋር ትተክለዋለች።

አረማሞ መግቢያውን የሚያገኘው በሌላ ብልሃት ነው። የገብስ ዛላ አበባ በከፈተበት ሰሞን ከታመመው ዛላ የበነነው ጥቁር ዱቄት በጤነኛው አበባ ውስጥ ያርፋል። ፍሬው ሲሞላ ፈንገሱ በጽንሱ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። በዓይን ሲታይ የዘር ፍሬው እንከን የለበትም፤ ገበሬው መርጦ ለዘር ያስቀምጠዋል። በዓመቱ ሲዘራ ግን ፈንገሱ ከቡቃያው ጋር ነቅቶ፣ ከአገዳው ጫፍ ጋር እኩል ወደ ላይ እያደገ፣ ዛላው በወጣ ዕለት በፍሬው ፈንታ ዱቄቱን ይዞ ብቅ ይላል። በሽታው የገባበት ቀንና የታየበት ቀን በአንድ ዓመት ይራራቃሉ።

ከገቡ በኋላ ተህዋስያን በሁለት ይለያሉ። አንዳንዶቹ ገድለው ይበላሉ። በሰበታና በሆለታ አካባቢ ባሉ የአበባ እርሻዎች ሠራተኞቹ ቦትራይተስ የሚሉት ግራጫ ሻጋታ እንዲህ ነው፤ የጽጌረዳውን ቅጠልና እምቡጥ የሚያሟሙ ኢንዛይሞችና መርዝ እየረጨ ከፊቱ ያለውን ሕዋስ ይገድላል፣ ከዚያ ሬሳውን ይመገባል። ባቄላ ላይ ቡናማ ነጥብ የሚያወጣውም የእሱ የቅርብ ዘመድ ነው። ሌሎቹ ግን ተክሉ ቢሞት አብረው ይሞታሉ። ዋግ ከእነዚህ ነው። የፈንገሱ ክር የሕዋሱን ግድግዳ አልፎ የውስጡን ስስ ሽፋን ሳይቀድ ብቻ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ በዚያ ጣት መሳይ መጥመጫው ስኳሩንና ሌላውን ምግብ ይቀዳል። ሕዋሱ በሕይወት አለ፣ ይሠራል፤ የድካሙ ፍሬ ግን ለሌላ ነው። ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ግንዱ ይፈነዳና የዝገት መልክ ያለው ብናኝ ይወጣል፤ ከአንዱ ቁስል ብቻ በየቀኑ ሺዎች። ነፋስ ይዞት ወደሚቀጥለው ማሳ፣ አንዳንዴም ወደሚቀጥለው አገር ይሄዳል። ከስንዴው ግንድ የተሰረቀው ስኳር ፍሬ ሊሆን የነበረው ነውና አጫጁ የሚያገኘው የተጨማደደ፣ ቢፈጭ ገለባ የሚሆን እህል ነው።

አንዳንዶቹ ደግሞ የተክሉን አስተዳደግ ራሱን ያዛባሉ። በሰሜን ሸዋ ደጋዎች ከ2010 ገደማ ወዲህ የባቄላን ማሳ ያወደመውና ገበሬው በአንዳንድ ቦታ ቆርምድ የሚለው በሽታ ቅጠሉን አኮራምቶ፣ ላዩ ላይ አረንጓዴ ዕጢ ያወጣበታል። መንሥኤው መጀመሪያ ኦልፒዲየም የሚባል ተህዋሲ ነው ተብሎ ነበር፤ በኋላ የተደረገ የዘረመል ምርመራ ግን ፊዞደርማ ወደሚባል ሌላ ወገን ጠቁሟል። ባቄላ ለደገኛው ወጥ፣ ለማሳው ማዳበሪያ ነው፤ በሥሩ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሮጂን ከአየር ወስደው ለተክሉ ያቀርባሉ፣ ቀሪው አፈሩን ያለመልማል። ባቄላ ሲጠፋ ተከትሎ የሚዘራው ገብስም ይጎዳል።

የተክሉ መከላከያ ተህዋሲው ከመድረሱ በፊት ይጀምራል። ሰሙ ውሃ እንዳያድር ያንሸራትታል። ሕዋሱ ራሱ መርዝ ተጠቅልሎ የተቀመጠበት ግምጃ ቤትም ነው፤ ሽንኩርት ሲቆረጥ ዓይን የሚያስለቅሰው፣ ነጭ ሽንኩርት ሲደቆስ የሚሸተው ነገር ሕዋሱ ሲሰበር የሚለቀቅ መሣሪያ ነው። ይህ መከላከያ ማንነትን አይጠይቅም፤ ለመጣው ሁሉ አንድ ነው።

ቀጥሎ ያለው ግን መለየትን ይጠይቃል። በሕዋሱ ሽፋን ላይ ወደ ውጭ የተዘረጉ ፕሮቲኖች አሉ፤ እንደ አንቴና ናቸው። አንዳንዱ የባክቴሪያ ጭራ የተሠራበትን ፕሮቲን፣ አንዳንዱ የፈንገስ ግድግዳ የተሠራበትን ካይቲን ያውቃል። ተህዋሲው እነዚህን ነገሮች በቀላሉ መጣል አይችልም፤ ያለ እነሱ መኖር ይከብደዋልና። አንቴናው በነካው በደቂቃዎች ውስጥ ሕዋሱ ይነሣል፦ የመተንፈሻ ቀዳዳዎች ይዘጋሉ፣ ኃይለኛ የኦክስጅን ውሕዶች ይረጫሉ፣ ክሩ ሊገባ በሚታገልበት ነጥብ ላይ ከውስጥ በኩል ካሎዝ የሚባል ልስን ይለጠፋል። ደርቆ ወይም ታጥቦ ካልቀረው ብናኝ አብዛኛው የሚከሽፈው በዚህ ደረጃ ነው።

እንግዲህ በሽታ አምጪ መሆን ማለት ይህን መነሣሣት ማብረድ መቻል ነው። የሠለጠኑት ተህዋስያን ወደ ሕዋሱ ውስጥ ፕሮቲኖችን ያስገባሉ፤ ባክቴሪያዎቹ መርፌ በሚመስል ነገር ይወጋሉ። እነዚህ አዘናጊ ፕሮቲኖች የማንቂያ ደወሉን ገመድ ይበጥሳሉ፣ ልስኑ እንዳይለጠፍ ያደርጋሉ፣ የስኳሩን በር ያስከፍታሉ። አንድ ፈንገስ እንዲህ ያሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፕሮቲኖች ሊኖሩት ይችላል። ተክሉም ለዚህ መልስ አለው። በሕዋሱ ውስጥ የሚጠብቁ ሌሎች ፕሮቲኖች አሉ፤ የአንድን አዘናጊ መልክ፣ ወይም እሱ የሚያበላሸውን ነገር ይጠብቃሉ። ካወቁት የሚሰጡት ምላሽ የመጨረሻው ነው፤ ሕዋሱ ራሱን ይገድላል። ከሕያው ሕዋስ በስተቀር የማይበላው ዋግ በሞተው መካከል ታግዶ ይራባል። ቅጠሉ ላይ ከመርፌ ቀዳዳ የማትበልጥ የደረቀች ነጥብ ትታያለች። ባለሙያ ያችን ነጥብ ሲያይ ተክሉ መታመሙን ሳይሆን ማሸነፉን ይረዳል። ገድሎ ለሚበላው ለቦትራይተስ ግን የሞተ ሕዋስ ግብዣ ነው፤ ስለዚህ ተክሉ ለእሱና ለቅጠል በሊታ ነፍሳት ጃስሞኒክ አሲድ በሚባል ሌላ መልእክተኛ በኩል ሌላ መከላከያ ያዘጋጃል። ሁለቱ መንገዶች ብዙ ጊዜ ይጋፋሉ፤ አንዱ ሲጠነክር ሌላው ይላላል።

የተነካው ቅጠል ዜናውን ለራሱ አይዘውም። ሳሊሲሊክ አሲድ የሚባለው፣ አስፒሪን የሚሠራበት ውሕድ፣ በተነካው ቦታ ይበዛል፤ መልእክቱ በተክሉ ቧንቧዎች ወደ ሌሎች ቅጠሎች ይሄዳል፤ ያልተነኩትም ለሳምንታት ተዘጋጅተው ይቆያሉ። ለቫይረስ ደግሞ ተክሉ የተለየ መሣሪያ አለው፤ የቫይረሱን የዘረመል ቅጂ ይቆራርጥና ቁራጩን እንደ ናሙና ይዞ መሰሉን ሁሉ እያደነ ይበጣጥሳል።

የዘበኛው ፕሮቲንና የአዘናጊው ግንኙነት የታወቀው በተልባ ላይ ነው። አሜሪካዊው ሃሮልድ ፍሎር ከ1930ዎቹ ጀምሮ በሰሜን ዳኮታ የተልባን ዋግ ሲመረምር፣ ዋግን ለሚከላከል ለእያንዳንዱ የተልባ ጂን በፈንገሱ ዘንድ አንድ አቻ ጂን መኖሩን አገኘ። ፈንገሱ ያን አቻ ጂን ቢጥለው ወይም ቢለውጠው ዘበኛው አያውቀውም፤ ማሳው ይበላል። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ የስንዴ ታሪክ ያለፉት ሃምሳ ዓመታት በዚህ አንድ ሐሳብ ይነበባል።

እንኮይ የተባለው የስንዴ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1974 ተለቀቀ፤ ግንድ ዋግን ተቋቁሞ ሃያ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ በ1993 እና 1994 በአርሲና በባሌ ወደቀ። ኩብሳ በ1995 ወጣ፤ ምርታማ ስለነበር በየቦታው ተዘራ፤ በ2010 በተነሣው የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ ተመታ። በኡጋንዳ ተገኝቶ በ1999 ስም የወጣለት ዩጂ 99 የተባለው የግንድ ዋግ ዓይነት ዓለምን ሲያሳስብ፣ ዲጋሉ የተባለው ዝርያ ለእሱም ለቢጫ ዋግም ደንዳና ሆኖ ተገኘና የኩብሳን ቦታ ወሰደ። ገበሬውም ባለሙያውም ተማመኑበት። ከኅዳር 2013 እስከ ጥር 2014 ባለው ጊዜ ግን ከዩጂ 99 ወገን ያልሆነ ሌላ የግንድ ዋግ ዓይነት በደቡብ የአገሪቱ ክፍል ተነሥቶ፣ በከፋባቸው የዲጋሉ ማሳዎች ምርቱን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ አጠፋ። በሦስቱም ጊዜ የወደቀው ስንዴ አልተለወጠም። የተለወጠው ማሳው ላይ የደረሰው ፈንገስ ነው።

አንድ ዝርያ በአንድ አገር ሲንሰራፋ፣ ያን ዝርያ ያሸነፈ አንድ ብናኝ በሚሊዮን የሚቆጠር ገበታ ቀርቦለታል ማለት ነው። ስለዚህ አዳቃዮች ዛሬ ሁለትና ሦስት ዘበኞችን በአንድ ዝርያ ውስጥ ይደርባሉ፤ ፈንገሱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማለፍ እንዲከብደው። በሽታውን ጨርሰው ባይከለክሉም የሚያዘገዩ ጂኖችም አሉ። ማሳው ይታመማል፣ ነገር ግን ሳይከፋ አዝመራው ይደርሳል። ለዓይን አያምሩም፤ ዕድሜያቸው ግን ረጅም ነው። የአምቦ ግብርና ምርምር ማዕከል በየዓመቱ ከማሳ የሚሰበሰበውን ዋግ የትኛው ዓይነት እንደሆነ መለየቱም ለዚሁ ነው። ጠላት መልኩን የለወጠው ማሳው ከመቅላቱ በፊት መታወቅ አለበት።

ብዝኀነት ምን ያህል እንደሚያዋጣ የኢትዮጵያ ገብስ ይመሰክራል። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ ያየው የእህል ዓይነት ብዛት ካስደነቁት ነገሮች አንዱ ነበር። የደጋ ገበሬ የገብስ ማሳ አንድ ወጥ አይደለም፤ ጥቁሩ ከነጩ፣ ባለሁለት መስመሩ ከባለስድስቱ ተደባልቆ ይቆማል። በሽታ አንዱን ቢያገኝ ጎረቤቱን ላያገኝ ይችላል።

በ1937 እና 1938 ከኢትዮጵያ ከተሰበሰቡት የአገር ገብሶች መካከል በቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የሚያለብሰውን ፈንገስ የማይቀበሉ ተገኙ። ነገሩ ከሌላው መከላከያ ሁሉ የተለየ ነበር። ጠላትን የሚያውቅ አዲስ ዘበኛ የላቸውም። ኤምኤልኦ የሚባል፣ ፈንገሱ ለመግባት የሚገለገልበት የተክሉ የራሱ ፕሮቲን በእነሱ ዘንድ በአግባቡ አይሠራም። በሩ መያዣ የለውም፤ ልስኑ ፈጥኖ ይለጠፋል፤ ክሩ ውጭ ይቀራል። ፈንገሱ የተለወጠ መልክ ይዞ ቢመጣ የሚያታልለው ዘበኛ የለም። ይህን ጠባይ የያዘው አቴም የተባለ ዝርያ በ1979 በኔዘርላንድስ ተለቀቀ፤ ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ ከሚዘራው የፀደይ ገብስ ብዙው ይህን የኢትዮጵያ ርስት ይዟል። የስንዴ ዝርያዎች በአሥርና በሃያ ዓመት ሲወድቁ ይህ መከላከያ ከአርባ ዓመት በላይ ጸንቷል። ጂኑ ተለይቶ የታወቀው በ1997 ሲሆን፣ በ2004 የወጣ ጥናት ጠባዩ ከአንድ ምንጭ ተነሥቶ በኢትዮጵያ ገብሶች መካከል እንደተሰራጨ አሳየ። ያለ ዋጋ የተገኘ ግን አይደለም፤ የእነዚህ ገብሶች ሕዋሶች ያለ ምክንያት አልፎ አልፎ ይሞታሉ፣ ለአንዳንድ ገድሎ በሊታ ፈንገስም ይበልጥ ይጋለጣሉ። በክሽክሽ የሚተላለፈውን ቢጫ አቀጫጭ ቫይረስ የሚቋቋመው ጂንም የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው፤ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለይተው ለአገራቸው ዝርያዎች አዋሱት።

እነዚህን ጂኖች ጠብቆ ያቆየ ቤተ ሙከራ አልነበረም። በየዓመቱ ከማሳው ዘር እየመረጠ በጎተራ ያስቀመጠ ገበሬ ነው። ዛሬ በሰበታ ፋብሪካ፣ በቡራዩ መኖሪያ ቤት፣ በሱሉልታ ሁለቱም የእርሻውን መሬት እየሸፈኑት ነው፤ ከአንድ ማሳ ጋር የሚጠፋው ገብስ ምን ይዞ እንደነበር የሚያውቅ የለም። የዘር ባንክ የተቋቋመው ለዚህ ነው። በአዲስ አበባ በ1976 ሥራ የጀመረው የዕፅዋት ዘረመል ማዕከል የዛሬው የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት መነሻ ነው። ማዕከሉን ለረጅም ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይም መቆየት አለበት ብለው ሠሩ፤ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ምክንያታቸው ከላይ ከተነገረው ጋር አንድ ነው፦ ፈንገሱ ማሳ ላይ ሲለዋወጥ በማቀዝቀዣ ያለ ዘር በቆመበት ይቆማል፤ በማሳ ላይ ያለው ግን አብሮት ይለወጣል።

ዘበኛ ጂን ባልተገኘበት ወይም ባልጸናበት ሥራው በሰው እጅ ላይ ይወድቃል። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ለደጋ ድንች ጃለኔን፣ ጉደኔንና በለጠን ከ2002 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ያወጣው በዋናነት ድንችን የሚያጠቁረውን ያን በሽታ እንዲቋቋሙ ነው። ሆኖም የድንቹ ተህዋሲ ፈጥኖ የሚለዋወጥ ነውና የተማመኑበት ዝርያ እንኳ በዝናባማ ክረምት ርጭት ይፈልጋል። ርጭቱም በአንድ ዓይነት መድኃኒት ብቻ ከሆነ ተህዋሲው እሱንም ይለምደዋል። በአበባ ቤቶች ውስጥ ሥራው የአየር ጉዳይ ነው። ጽጌረዳ ለመልኳና ለአገዳዋ ርዝመት ተመርጣ የተዳቀለች ናት፤ በሽታን የመቋቋም ጠባይዋ ብዙ አልታሰበበትም። ስለዚህ ሠራተኞቹ ማለዳ የፕላስቲኩን መጋረጃ ከፍተው የሌሊቱን እርጥበት ያስወጣሉ፣ የታመመውን ቅጠል ለቅመው በከረጢት ያወጣሉ፣ ፓውደሪ የሚሉት ነጭ ዱቄትና ዳውኒ የሚሉት በሽታ ለየብቻ መድኃኒት ስለሚሹ አንዱን ከሌላው መለየት ይማራሉ።

ከሁሉ የሚከብደው የእንሰት ነገር ነው። ከሰበታ በጅማ መንገድ ወደ ቱሉ ቦሎና ወሊሶ ሲኬድ እንሰት በየጓሮው ይታያል፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ለሚሊዮኖች የዕለት ምግብ ነው። አጠውልግ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ በሳይንስ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1968 በኢትዮጵያ እንሰት ላይ ነው፤ በኋላ ወደ ሙዝ ተሻግሮ በ2001 ኡጋንዳ ከታየ ወዲህ በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ተዛመተ። በውሃ ቧንቧዎቹ ውስጥ ተባዝቶ ይዘጋቸዋል፤ የመካከሉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ይታጠፋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣል። ከደቡብ ዝርያዎች ማዚያ የሚባለው ከሌሎቹ ይልቅ ይቋቋመዋል፤ ፍጹም የማይጠቃ ግን አልተገኘም። በሙዝ ላይ ተመራማሪዎች የቃሪያ ወገን ከሆነ ተክል ሁለት ጂኖች ወስደው አስገብተዋል፤ አንዱ የተነካው ሕዋስ ፈጥኖ ራሱን እንዲገድል የሚያግዝ ነው።

በእንሰት ጓሮ ግን እስከዚያው የሚሠራው ሌላ ነው። ባክቴሪያው በራሱ ወደ ጤነኛው ተክል መሄጃ የለውም፤ ብዙ ጊዜ የሚያደርሰው ቅጠል ለመቁረጥና ለመፋቅ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው የሚዞረው ቢላዋ ነው። የታመመው ከነሥሩ ተነቅሎ ከጓሮው ርቆ ይቀበራል፤ ከብት ቅጠሉን እንዳይግጠው ይከለከላል፤ ለአዲስ ተከላ የሚሆነው ችግኝ በሽታው ከሌለበት ጓሮ ይመጣል። ቢላዋው ደግሞ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት በእሳት ላይ ይያዛል፤ ስለቱ እስኪግል።